ነጂው ማን ነው? ራሳቸውን ስለሚነዱ ተሽከርካሪዎች የሕግ አወጣጥ
(በማኅበሩ አባላት ስብሰባ ላይ፣ ልደታ፣ አዲስ አበባ የቀረበ ንግግር)




ለዚህ ጉባኤ የተመረጠው ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከአዲስ አበባ ጎዳና የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። በሚኒባስ፣ በባጃጅና በእግረኛ በተጨናነቀ መንገድ ላይ ሰው ያልያዘው መሪ ምን ሥራ አለው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን የርእሱ ፍሬ ነገር መኪናው ሳይሆን ሕጉ ነው። አንድ አዲስ መሣሪያ በሰዎች መካከል መንቀሳቀስ ሲጀምር የሚገዛው ሕግ ከየት ይመነጫል? ማን ያረቅቀዋል? በስንት ዓመት መዘግየትና በስንት ሰው ሕይወት ዋጋ ይገኛል? ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም ከማንም አገር ይልቅ በመራራ መልኩ ቀርቦላታል።

ይህ ስብሰባ የሚካሄድበት የልደታ ሰፈር ራሱ ለነገሩ ምስክር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ከጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይገለገልበት የነበረው ሜዳ የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ ጄት አውሮፕላኖች ሲመጡ ሜዳው ስላልበቃ ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የከተማው ቀላል ባቡር በዚህ ያልፋል፤ ሁለቱ መስመሮችም ከልደታ እስከ መስቀል አደባባይ ድረስ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ከዚሁ አጠገብ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት ይገኛል። እንግዲህ በአየር የሚሄደው መሣሪያ፣ በሐዲድ የሚሄደው መሣሪያ፣ ሰውና መሣሪያ ሲጋጩ የሚዳኘው ችሎት በአንድ ሰፈር ተገናኝተዋል ማለት ነው።

1. መሣሪያው ቀድሞ፣ ሕጉ ተከትሎ

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ጀምሮ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ ለዐፄ ምኒልክ አምጥቶ እንዳቀረበላቸው በታሪክ ተጽፏል። በዚያን ጊዜ ስለ መኪና የሚናገር ሕግ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር። የትራንስፖርት አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። በዚያ አዋጅ መሠረት የመንገድ ትራፊክን ሥነ ሥርዓት በዝርዝር የሚደነግገው ደንብ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ከመጀመሪያው መኪና እስከ አዋጁ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል፣ ከአዋጁ እስከ ዝርዝር ደንቡ ሌላ ሃያ ዓመት አለፈ። ከዚያ በኋላ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 እስኪወጣ ድረስ የግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዕድሜ ተቆጠረ፤ ይህም ደንብ በደንብ ቁጥር 395/2009 ተሻሽሏል።

ይህ መዘግየት የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ አይደለም። ይሁን እንጂ መቅደምም የራሱ ጉዳት እንዳለው የእንግሊዝ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1865 የእንግሊዝ ፓርላማ በእንፋሎት ኃይል በመንገድ ላይ ስለሚሄዱ መሣሪያዎች ባወጣው ሕግ፣ ፍጥነታቸው ከከተማ ውጭ በሰዓት ከ4 ማይል፣ በከተማ ውስጥ ከ2 ማይል እንዳያልፍ፣ ከፊታቸውም ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ እየሄደ እንዲያስጠነቅቅ ታዘዘ። ሕጉ ከፍርሃት የመነጨ በመሆኑ ሰውን የጠበቀውን ያህል ሥራውንም አሠረ፤ ማሠሪያው በሚገባ የላላውም እ.ኤ.አ. በ1896 ነበር።

ስለዚህ ሕግ አውጪ ሁሉ በሁለት ስሕተቶች መካከል ይቆማል። ዘግይቶ ቢመጣ ሬሳ ይቀበላል፤ መሣሪያውን ሳያውቅ ቢቀድም ባንዲራ ይዞ ከመሣሪያው ፊት ይሄዳል። ራሳቸውን ስለሚነዱ መኪኖች የወጡት ሕጎች ታሪክም በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተደረገ መንገድ ፍለጋ ነው።

2. «ነጂ» የምትለው ቃል

የመንገድ ሕግ በሙሉ በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል፤ እርሷም «ነጂ» የምትለው ቃል ናት። መብራት የሚያከብር፣ ለእግረኛ ቅድሚያ የሚሰጥ፣ ሳይጠጣ የሚነዳ፣ ፈቃድ የሚያወጣ፣ ሲያጠፋ የሚቀጣ ነጂው ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በጄኔቭ፣ ኋላም በ1968 በቪየና የተፈረሙት ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነቶች በየ8ኛው አንቀጻቸው እያንዳንዱ በመንገድ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ነጂ እንዲኖረው ያዛሉ። የቪየናው ስምምነት ነጂው ዘወትር ተሽከርካሪውን ወይም የሚነዳቸውን እንስሳት ለመቆጣጠር መቻል እንዳለበትም ይናገራል። አርቃቂዎቹ በዓይነ ኅሊናቸው ያዩት የጭነት መኪናውንና ጋሪውን ነበር፤ ነጂ ሰው ላይሆን ይችላል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ለዚህ ነው የመኪናው መሪ ከሰው እጅ ሲወጣ መጀመሪያ የተናጋው የቃሉ ትርጉም የሆነው። የቪየናው ስምምነት በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 የጸናው ማሻሻያ፣ ነጂው ሊሽረው ወይም ሊያጠፋው እስከቻለ ድረስ ተሽከርካሪውን በነጂው ፈንታ የሚመራ ሥርዓት ከስምምነቱ ጋር እንደማይቃረን ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 የጸናው ሁለተኛው ማሻሻያ ደግሞ፣ የአገሩን የቴክኒክ ደንብና ሕግ ያሟላ ራሱን የሚነዳ ሥርዓት በሥራ ላይ ሲሆን «ነጂ ይኑር» የሚለው ግዴታ እንደተፈጸመ ይቆጠራል አለ። በወረቀት ላይ ጥቂት መስመሮች ናቸው፤ ከነዚያ መስመሮች በስተጀርባ ግን በጄኔቭ የዓመታት ክርክር አለ።

ባልደረቦች እንደሚያውቁት፣ መሐንዲሶች ደግሞ ነገሩን በደረጃ ከፍለው ያዩታል። የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው መለኪያ ከ0 እስከ 5 ይቆጥራል። እስከ 2ኛው ደረጃ መኪናው ፍጥነትና አቅጣጫ ቢያስተካክልም ሰው ዓይኑን ከመንገዱ ሊያነሣ አይገባም። በ3ኛው መሣሪያው ራሱ ይነዳል፤ ሲቸግረው ግን ሰውን ይጠራል። በ4ኛው በተወሰነ ቦታና ሁኔታ ውስጥ ሰው አያስፈልገውም። በማናቸውም መንገድና በማናቸውም የአየር ጠባይ የሚነዳው 5ኛው ደረጃ ገና በሐሳብ ያለ ነው። ይህን መለኪያ ያወጣው ፓርላማ ሳይሆን የሙያ ማኅበር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የብዙ አገሮች ሕግ ኋላ የተበደረው ከዚሁ ከመሐንዲሶች ሠንጠረዥ ነው።

3. ሌሎች የሄዱባቸው መንገዶች

በአሜሪካ የመጀመሪያው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 በኔቫዳ ነው። ሕጉ ራሱ አጭር ሲሆን የግዛቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ዝርዝሩን በደንብ እንዲወስን አዘዘ። በማግሥቱ ዓመት ካሊፎርኒያ ተከተለች፤ እርሷ ግን ፈቃድን ከሪፖርት ጋር አሠረች፤ የሚሞክር ኩባንያ ግጭቱንና ሰው መሪውን የተቀበለበትን ጊዜ ሁሉ እንዲያስታውቅ ታዘዘ። አሪዞና ደግሞ ሦስተኛውን መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ. በ2015 የግዛቲቱ ገዥ በትእዛዝ በሩን ከፈቱ፤ ሸክሙ ቀላል በመሆኑም ሞካሪዎች ወደዚያ ጎረፉ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 18 ቀን 2018 በአሪዞና በቴምፒ ከተማ፣ የኡበር ኩባንያ የሙከራ መኪና በሌሊት ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራ ለመሐንዲስ ሁሉ ትምህርት ነው። መሣሪያው ሴትዮዋን ከግጭቱ 5.6 ሴኮንድ አስቀድሞ አይቷታል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ተሽከርካሪ፣ አንድ ጊዜ ያልታወቀ ነገር፣ አንድ ጊዜ ብስክሌት እያለ ስም ሲለዋውጥ ወዴት እንደምትሄድ ለመገመት ሳይችል ቀረ፤ ምክንያቱም ከማቋረጫ ውጭ መንገድ የሚሻገር እግረኛ ይኖራል ተብሎ አልተሠራም። መኪናው ከፋብሪካው ይዞት የመጣው የራሱ የአደጋ ጊዜ ፍሬን ሥርዓትም በሙከራው ጊዜ እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር። በመቀመጫው ላይ የነበረችው ተቆጣጣሪ ስልኳን ትመለከት ነበር። ዐቃቤ ሕግ ኩባንያው በወንጀል የሚጠየቅበት መሠረት የለም አለ፤ ተቆጣጣሪዋ ግን ተከስሳ እ.ኤ.አ. በ2023 ጥፋተኝነቷን አምና የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት ተወሰነባት።

ይህን ታሪክ ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ ማሰብ አያስቸግርም። በዚህ ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ከማቋረጫ ውጭ መሻገር እዚህ እንግዳ ነገር ሳይሆን የየዕለት ኑሮ ነው፤ በብዙ መንገዶች ማቋረጫው ራሱ ቀለሙ ለቋል ወይም ሩቅ ነው። ሸክም የጫነ አህያ፣ ጋሪ የሚገፋ ወጣት፣ በመንገዱ ዳር ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው፣ በበዓል ቀን ታቦት አጅቦ መንገዱን የሚሞላ ሕዝብ፣ ይህ ሁሉ በሌላ አገር ጎዳና ላይ በተማረ መሣሪያ ዘንድ «ያልታወቀ ነገር» ነው።

ጀርመን ከአሜሪካ የተለየ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2017 የመንገድ ትራፊክ ሕጓን አሻሽላ ነጂው ለጊዜው ትኩረቱን እንዲያነሣ ስትፈቅድ፣ መሪው በሰው እጅ ወይስ በመሣሪያው እንደነበረ የሚመዘግብ መሣሪያ በመኪናው ውስጥ እንዲኖር አዘዘች። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ነጂ የሌለው ተሽከርካሪ አስቀድሞ በጸደቀ ክልል ውስጥ ብቻ እንዲሠራ፣ ከሩቅ ሆኖ የሚከታተለውና ሊያቆመው የሚችል የቴክኒክ ተቆጣጣሪ ሰው እንዲኖረው ደነገገች። እንግሊዝ በበኩሏ አልቸኮለችም። የሕግ ኮሚሽኖቿ ከ2018 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ለሕዝብ አስተያየት ወረቀት አቅርበው በጥር 2022 ሪፖርታቸውን አወጡ፤ በዚያ ላይ የተመሠረተው ሕግ በግንቦት 2024 ጸደቀ። የሕጉ ዋነኛ ብልሃት፣ መኪናው ራሱን በሚነዳበት ጊዜ ለአነዳዱ የሚጠየቅ ፈቃድ የተሰጠው ድርጅት አስቀድሞ በስሙ እንዲታወቅ ማድረጉ ነው፤ በመቀመጫው ላይ ያለው ሰው በመሣሪያው አነዳድ ምክንያት በወንጀል አይጠየቅም።

በጄኔቭ የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2020 ያጸደቀው ቁጥር 157 ደንብ ከሁሉም ጠባብ ነው። መጀመሪያ የፈቀደው እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ፣ እግረኛና ብስክሌት በማይገባበትና የሁለቱ አቅጣጫዎች መንገድ በአጥር በተለያየበት ጎዳና ላይ ብቻ ነበር፤ ኋላ ልምድ ሲገኝ ፍጥነቱ እስከ 130 ከፍ አለ። በኢትዮጵያ ሁኔታ ይህን ደንብ የሚመስል መንገድ ቢፈለግ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ሊጠቀስ ይችላል፤ ከልደታ ወደ መርካቶ የሚወስደው መንገድ ግን በምንም ትርጉም አይገባበትም።

4. መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

እስካሁን የተነገረው የሰው አገር ታሪክ ነው። ነገር ግን አንድ ሰውን የሚሽር መሣሪያ ሕግ ሳይበቃው ሲሠራ ምን እንደሚከተል ለኢትዮጵያውያን ከውጭ አስተማሪ ማምጣት አያስፈልግም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ውስጥ ኤምካስ የተባለ፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋ የኮምፒውተር ሥርዓት ተገጥሟል፤ ሥርዓቱም የሚታዘዘው ከአንድ ሴንሰር ብቻ ለሚመጣ መልእክት ነበር። ሴንሰሩ በምን ምክንያት እንደተበላሸ መርማሪዎች ኋላ አልተስማሙም። በተሳሳተው መልእክት ምክንያት ሥርዓቱ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች እንደገፋና አብራሪዎቹ ከመሣሪያው ጋር ትግል እንደገጠሙ ግን አላከራከረም። ከዚያ በፊት አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያ አውሮፕላን በዚሁ ሥርዓት ምክንያት ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

ከሕግ አወጣጥ አንጻር ሦስት ነገሮች ተገለጡ። አንደኛ፣ ከመጀመሪያው አደጋ በፊት ኤምካስ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም ነበር፤ ሰውን የሚሽረው መሣሪያ ከሚሽረው ሰው ተደብቆ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር ከምርመራ ሥራው ብዙውን በውክልና ለአምራቹ ለራሱ ሠራተኞች ሰጥቶ ነበር። ሦስተኛ፣ ያው አስተዳደር ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ በሠራው ስሌት ሥርዓቱ ሳይለወጥ ቢቀር በአውሮፕላኖቹ ዕድሜ ውስጥ ከ15 የሚበልጡ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምቶ እያለ አውሮፕላኖቹ አልታገዱም ነበር፤ ይህም በ2019 መጨረሻ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ይፋ ሆነ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ አደጋው በደረሰበት ቀን የቀሩትን የዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች አቆመ፤ ቻይና በማግሥቱ አገደች፤ ሌሎች ተከተሉ፤ አሜሪካ ያገደችው በሦስተኛው ቀን ነው። በታኅሣሥ 2020 የአሜሪካ ምክር ቤት የአውሮፕላን ምርመራን ሥርዓት የሚያጠብቅ፣ አምራቹ ለደኅንነት አስፈላጊ የሆነውን ሁሉ እንዲገልጽ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። አውሮፕላኑም ተሻሽሎ በኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደገና ሥራ የጀመረው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ያ ሕግ በዋሽንግተን ተጽፎ በዋሽንግተን ቢፈረምም ዋጋው የተከፈለው በጃቫ ባሕርና በቢሾፍቱ ማሳ ላይ ነው። ገዢ አገር መሣሪያውን ይገዛል፤ የመሣሪያውን ውስጥ የመመርመር መብትና ችሎታ ከሌለው ግን የሌላውን አገር የምርመራ ማኅተም አምኖ ሕዝቡን ያሳፍርበታል።

5. የኢትዮጵያ ሕግ ምን አለው፣ ምን ይጎድለዋል?

በኢትዮጵያ ራሳቸውን ስለሚነዱ ተሽከርካሪዎች ብቻ የሚናገር አዋጅ ባይኖርም፣ ሕጉ ባዶ እጁን ነው ማለት ስሕተት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሊመሰገን የሚገባው ድንጋጌ አለው። በአንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ከኃላፊነት አያመልጥም። በአንቀጽ 2086 መሠረት ጥፋት የለብኝም ወይም የአደጋው ምክንያት አልታወቀም ብሎ ማስረዳት ባለቤቱን አያድነውም፤ የሚያድነው የተጎጂው ጥፋት ሲረጋገጥ ነው። በአንቀጽ 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ በመነሻው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል። ራሱን የሚነዳ መኪና ነገ በዚህ ሰፈር አንድ ልጅ ቢገጭ፣ የካሣው ጥያቄ «ኮምፒውተሩ አጠፋ ወይስ አላጠፋም» በሚል ክርክር አይታሠርም፤ ተጎጂው ባለቤቱን ይይዛል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን የመድን ዋስትና ግዴታም ለካሣው ክፍያ ተጨማሪ መሠረት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ካሣ የከፈለው ባለቤት ወደ አምራቹ ቢዞር አንቀጽ 2085 ያገኛል። ይህ አንቀጽ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ጉድለቱ በልማዳዊ ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ ከሆነ ግን ኃላፊነት የለም። ታዲያ ለሚሊዮን መስመር ፕሮግራም «ልማዳዊ ምርመራ» ማለት ምንድን ነው? በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በየዓመቱ የሚደረገው የተሽከርካሪ ምርመራ ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ ጎማውን፣ መሪውን ያያል፤ መሪውን የሚያዝዘውን ሶፍትዌር ግን አያይም። ከዚህም በላይ ሶፍትዌር በሌሊት በአየር ላይ ይለወጣል፤ በመስከረም ተመርምሮ ቦሎ የተለጠፈለት መኪና በጥር ያው መኪና ላይሆን ይችላል። በጄኔቭ ከ157ቱ ደንብ ጋር ስለ ሶፍትዌር ማደስና ስለ ኮምፒውተር ጥቃት መከላከል ሁለት ሌሎች ደንቦች አብረው የወጡት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ክፍተት በወንጀል ሕጉ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል፤ ደንብን ተላልፎ የገደለውንም አክብዶ ይቀጣል። ቸልተኝነት ግን የሰው ጠባይ ነው። መሣሪያ ቸል አይልም፤ የተነገረውን ይሠራል። ሕጉ በዚህ ረገድ ዝም ካለ፣ የቴምፒው ምሳሌ እንዳሳየው፣ ዐቃቤ ሕግ እጁን የሚዘረጋው ለመሪው ቅርብ ወደሆነው ሰው ነው፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ በደመወዝ የሚተዳደር ሾፌር ነው። የመንጃ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ስለ ሰው ነጂ ብቃት ብዙ ይናገራል፤ ስለ መሣሪያ ነጂ ብቃት ለመናገር ግን አልታሰበም።

ሦስተኛው ጉዳይ ማስረጃ ነው። እነዚህ መኪኖች በካሜራና በራዳር መንገዱንና መንገደኛውን ሁሉ ይቀርጻሉ። ከአደጋ በኋላ ችሎቱ የሚያስፈልገው ያ መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ግን በውጭ አገር ባለ የአምራቹ ማከማቻ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የመንገደኛውን መብት ለመጠበቅ ይረዳል፤ የአደጋ መዝገብ ለፍርድ ቤትና ለመርማሪ እንዲቀርብ የሚያስገድድ የተሽከርካሪ ድንጋጌ ግን ለብቻው መጻፍ አለበት።

ነገሩ የሩቅ ነው የሚል ቢኖር አንድ እውነት ያስብ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት እየገቡ ነው። ከእነዚህ መካከል መስመር የሚጠብቅ፣ ከፊት ካለው መኪና ርቀቱን የሚያስተካክል፣ በራሱ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት ያላቸው አሉ። 2ኛው ደረጃ በሕግ ሳይጠራ በጉምሩክ በር ገብቷል።

6. ሕጉ የሚወለድበት በር

አዋጅ በኢትዮጵያ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። የሚመለከተው ሚኒስቴር፣ በዚህ ጉዳይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ ረቂቁን ያዘጋጃል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት መክሮ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይመራዋል፤ ቋሚ ኮሚቴው አስተያየት ይሰማል፤ ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው ለፕሬዚዳንቱ ለፊርማ ይቀርባል፤ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። ከአዋጁ በታች ደንብ፣ ከደንቡ በታች መመሪያ አለ።

መሐንዲሶች ብዙውን ጊዜ ዓይናቸውን የሚጥሉት በአዋጁ ላይ ሲሆን፣ ነፍስ የሚያድነው ወይም የሚያጠፋው ቁጥር የሚጻፈው ግን በመመሪያውና በደረጃው ነው። ፍሬን በስንት ሜትር ይያዝ፣ ሴንሰር ስንት ይሁን፣ መሣሪያው ሰውን ሲጠራ ስንት ሴኮንድ ይስጠው፤ ይህን የምክር ቤት አባል አይወስነውም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመንግሥት መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ለሕዝብ አስታውቆ አስተያየት እንዲቀበል ያስገድዳል። ይህ በር ለሙያ ማኅበር የተከፈተ በር ነው። ማንም ካልገባበት ግን ረቂቁን የሚሞላው መኪናውን የሚሸጠው ወገን ያመጣው ጽሑፍ ይሆናል፤ ያም ጽሑፍ በራሱ ክፉ ባይሆን እንኳ ለልደታ መንገድ የተጻፈ አይደለም።

ከተነገሩት ምሳሌዎች ተውጣጥተው ለማኅበሩ ውይይት የሚቀርቡት ነጥቦች አምስት ናቸው።

አንደኛ፣ ሕጉ ከትርጉም ይጀምር፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ነጂው ማን እንደሆነ፣ ሰው ወይስ በስሙ የታወቀ ድርጅት፣ አስቀድሞ ይወሰን። ከአደጋ በኋላ የሚፈለግ ነጂ ሁልጊዜ ድሃው ነው።

ሁለተኛ፣ ፈቃዱ ከመንገድ ጋር ይታሠር። መሣሪያው የሚሠራበት መንገድ፣ ሰዓትና ፍጥነት ይገለጽ፤ የፍጥነት መንገዱን የሚያልፍ መሣሪያ ሁሉ ለመርካቶ ብቁ ነው ተብሎ አይገመት።

ሦስተኛ፣ ከአንድ ሴንሰር በሚመጣ መልእክት ብቻ ሰውን የሚሽር ሥርዓት አይፈቀድ፤ የሥርዓቱ መኖርና አሠራሩም ለሚነዳው ሰው በሚገባው ቋንቋ ይገለጽለት።

አራተኛ፣ መሪው በማን እጅ እንደነበረ የሚናገር መዝገብ በእያንዳንዱ መኪና ይኑር፤ መዝገቡም ለኢትዮጵያ መርማሪና ለኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የሚደርስ ይሁን።

አምስተኛ፣ በየዓመቱ የሚደረገው ምርመራ ሶፍትዌሩን እንዲጨምር፣ ይህን ሊሠሩ የሚችሉ ባለሙያዎች በዩኒቨርሲቲዎችና በምርመራ ተቋማት እንዲሠለጥኑ ዛሬ ይጀመር። ሰውን ማሠልጠን ሕግን ከማተም የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል።

በእነዚህ ነጥቦች ላይ ተቃውሞ መኖሩ አይቀርም። አገሪቱ ገና የመንገድ ቀለምና መብራት ሳታሟላ ስለ ኮምፒውተር ነጂ መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ፤ አባባላቸውም ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን የመንገድ ቀለም ለመሣሪያውም ለሰውም አንድ ነው፤ ለአንዱ ሲባል የሚቀባው ሌላውንም ያድናል። ሕግ ማጥበቅ ሥራን ያሠራል የሚሉም አሉ፤ የቀይ ባንዲራው ታሪክ ለእነርሱ ይመሰክራል። መልሱ ግን ሕጉ እንደ ጄኔቩ ደንብ ጠብቦ ጀምሮ ልምድ ሲገኝ እንዲሰፋ ማድረግ ነው፤ ጭራሽ አለመጻፍ አይደለም።

ክቡራን ባልደረቦች፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አርቃቂዎች የኮምፒውተር ነጂን ሳያውቁ የተጎጂውን መብት በሚጠብቅ አኳኋን ስለ ጻፉ፣ ሥራቸው ከስድሳ ዓመት በኋላም ይሠራል። የኤምካስ ሠሪዎች ደግሞ ሥርዓቱን ጠንቅቀው እያወቁ ለሚነካው ሰው ስላልነገሩ ሥራቸው በ346 ሰዎች ሞት ታረመ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የእውቀት ብዛት አይደለም፤ ሲጽፉ ማንን በፊታቸው እንዳስቀመጡ ነው። ማኅበሩ በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ጉዳይ የሚሠራ የቴክኒክ ኮሚቴ ቢያቋቁምና ረቂቅ ሐሳቡን ለሚመለከተው ሚኒስቴር ቢያቀርብ፣ በፊቱ የሚያስቀምጠው ሰው የታወቀ ነው፤ ከማቋረጫው ውጭ መንገድ የሚሻገረው እግረኛ ነው።